ለአንጀት ሕሙማን የተዘጋጀ ጩምቦ

ማክሰኞ

በመጨረሻ ከቅዳሜው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ ሥጋው ቀረ። ከሰዓቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ክርስቲያን ካረደው እኔና ከኡኬ የሚመጡት የወሎ ሰዎች አንቀምሰውም፤ እስላም ካረደው ሌሎቹ አይቀምሱትም። ለየብቻ ይታረድ እንዳይባል፣ ገንዘብ ልንሰበስብ ነው ወይስ ልንበትን? ጩምቦ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ወፍራም ቂጣ፣ በቅቤና በእርጎ የራሰ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት። ሥጋ የለበት፣ ቅዳሜ ጾም አይደለ፣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም እስላሙም አብሮ ይበላል። ሰብሳቢያችን አዴ ጫልቱ “ይሄ ነው ምክር!” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቁርስ ቤቴን ልዘጋ ስገባ ነው ድርቅ ያልኩት። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለማን ነው? ለአንጀት ሕሙማን! ቅቤና ሚጥሚጣ ከቀመሱ ሽንት ቤት ለሚያድሩ ሰዎች። የክብር ቦታ ተቀምጠው ቀድሞ የሚቀርብላቸውም እነሱ ናቸው። ኧረ ዘይነባ፣ ሰው እንዴት የራሱን በሽታ ይረሳል?

አዎ፣ የራሴን። ዶክተሩ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው ብሎኛል። ጨርሶ አይድንም፣ በመድኃኒት ይታገሣል፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያውቁት ባለቤቴ ሰይድ፣ እና ሐኪም ቤት ሰልፍ ላይ የተዋወቅኳቸው ሁለት ሕመምተኞች ብቻ ናቸው። መናኸሪያ በር ላይ ምግብ የምትሸጥ ሴት ደም ያስቀምጣታል ከተባለ ማን ይገባል? ኮሚቴው እንኳ ደግ ስለሆንኩ የምረዳ ነው የሚመስለው።

ረቡዕ

አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ቅቤው ከየጎረቤቱ ተሰብስቦ ቤቱ በመዓዛው ታውዷል። ለታመሙት ለብቻ ለስለስ ያለ ነገር ብናዘጋጅስ አልኩ፣ እንደ ዋዛ። ቅር አላቸው። የክብር እንግዳ ጠርቼ ሩዝ ላቅርብለት? አሉ። ደግሞ የእህታቸው ልጅ መምህር ፍቃዱ ራሱ ታማሚ አይደለም ወይ፣ እሳቸው ቤት የቀረበለትን መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?

እምቢማ አይልም። ከሰልፍ ጓደኞቼ አንዱ እሱ ነው። አክስቴ እንዳይከፋት እበላለሁ፣ ከዚያ ሲሬ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች ብሎኛል። ይህን ብናገር የት ነገረሽ ሊሉኝ ነው። ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ለቅዳሜ የቀረን፦ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር መዋስ። ድምፅ ማጉያ። ሼኩን ማስታወስ። የአዳራሹ ሽንት ቤት ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ መጠየቅ፤ ከሁሉም በላይ ይሄ።

ሐሙስ

መጥፎ ጠዋት። ደንበኛ በደንበኛ ላይ ሆኖ እኔ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ሻዩ ገነፈለ፣ ጨጨብሳው አረረ። ሾፌሩ ገመቹ ዛሬ ምነው ጠፋሽ አለኝ። ስልክ ይዞኝ ነው አልኩት። ስልኬ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ከሰዓት ለንሳ ከአርጆ መጣች፤ ሌላዋ የሰልፍ ጓደኛዬ። ገና ልጅ ናት፣ ጉንጯ ገብቷል። መድኃኒቱ እንዳያልቅባት ክኒኑን በምላጭ ለሁለት እየከፈለች ትውጣለች። ይሄ ሁሉ ሩጫ ለዚህ ነው፣ መድኃኒቱን በጋራ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት። ሩዝና ካሮት ቀቅዬ አብረን በላን። ሳልጠይቃት “እትዬ ዘይኔ፣ እኔ ለማንም አልናገርም” አለችኝ። አፈርኩ።

ዓርብ

ጉድ ፈላ። መምህር ፍቃዱ ከሲሬ ደወለ። ትናንት ስለ ቅዳሜው ሊነጋገር አክስቱ ጋ መጥቶ ኖሯል፤ እሳቸውም ለሙከራ የሠሩትን ጩምቦ አቀመሱት። እሱም በላ! አሁን ከሽንት ቤት መራቅ አልቻለም፣ አውቶቡስ የማይታሰብ ነው። ነገ የሚናገረው እሱ ነበር። ሰው የሕመምተኛ አንደበት ካልሰማ ኪሱን አይከፍትም። ለንሳ እንደሆነች ድምፅ ማጉያ ስታይ ትሸሻለች።

አንቺ ተናገሪ አለኝ። አንተ ለአንዲት አክስትህ እምቢ ማለት አቅቶህ እኔ ለነቀምቴ ሕዝብ ልናገር? ብዬ ጮህኩበት። እውነትሽን ነው አለ፤ እሱ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ሰይድ ደግሞ ቁርስ ቤቱ ቢዘጋ እኔ አለሁ ይላል። ለአፍ ቀላል ነው። ያን ቤት በእጄ ነው ያቆምኩት።

ቅዳሜ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፓስተሩ ጸለዩ፣ ሼኩ ዱዓ አደረጉ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ አንዴ ወንበር አስተካክላለሁ፣ አንዴ ነጠላዬን። ማን ይናገር የሚለው ገና አልተወሰነም። አዴ ጫልቱ ግን ጩምቦውን ቆርሰው፣ ቅቤው እየተንጠባጠበ፣ ለንሳ ፊት ቆሙ። ሰው ሁሉ ያያል። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። “አዴ፣ አይስጧት! ያማታል። እኔንም ያመኛል፤ እኔም እንደሷ ነኝ።”

ድምፅ ማጉያውን ያዝኩና ዘረገፍኩት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ደሙን፣ ሽንት ቤቱን፣ የለንሳን ምላጭ። ከአንድ ትሪ ብትበሉ አይተላለፍም አልኩ፣ ደጋግሜ። የጩምቦውን ሐሳብ ያመጣሁትም እኔው ነኝ አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዲት እናት አለቀሰች። አዴ ጫልቱ ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መልሰው ከአዳራሹ ወጡ።

ገንዘቡ ካሰብነው በላይ ሆነ። ለንሳ ክኒኗን ሙሉውን ትውጣለች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔን ግን ስወጣ ብዙው ሰው ከሩቅ ነው የተሰናበተኝ።

እሑድ

ዘግቼ ዋልኩ። የሚጻፍ የለም።

ሰኞ

ከጎህ በፊት ከፈትኩ። ገመቹ ከመንገድ ማዶ እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ሌሎቹም እንደዚያው። ጨጨብሳው ቀዘቀዘ። ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀና ስል አዴ ጫልቱ ቆመዋል። ሰላምታም የለ። ወንበር ጎትተው ደጃፉ ላይ፣ ልክ መንገደኛው የሚያልፍበት፣ ተቀመጡና “አምጪ። ቅቤ አትቆጥቢ” አሉኝ። እኚህ ሴት ከቤታቸው ውጭ ሲበሉ ያየ የለም። በላተኛውን ሁሉ በስሙ ያውቁታል፤ ያለፈውን በሙሉ “ኮቱ፣ ና እንብላ!” እያሉ ጠሩት። ትልቅ ሰው ጎርሶ፣ ሌላ ጉርሻ ዘርግቶ እንብላ ሲል ማን ያልፋል? ገመቹ መጀመሪያ ገባ፣ አፍሮ ነው መሰል መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ረዳቱ። ከዚያ ቤቱ ሞላ።

እጃቸውን ሳስታጥባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

“ፍቃዱ እኔ ቤት በልቶ ስንቴ ታሟል?”

“ብዙ ጊዜ፣ አዴ።”

እጃቸውን በነጠላቸው አደረቁ፣ አደረቁ፣ አደረቁ። ሒሳቤን ውሰጂ ብለው አስጨንቀው ከፍለው ሄዱ።

ነገ ደጃፉ ላይ እሳቸው የሉም። የሚመጣው በልቡ ፈቅዶ ነው፣ ወይም አይመጣም። ለነገ ዱቄቱን እንደ ወትሮዬ ልንፋ ወይስ ላሳንስ እያልኩ ወንፊቱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። እንደ ወትሮዬ ነፋሁ።