በታመመው እጅህ የተሳለው ደም ስር

የሐያት አባት፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ከተለየኸን ሦስት ረመዳን አለፈ። ያለህበት ቦታ እንደ አሰላ የሚበርድ አይመስለኝም፤ እዚህ ግን የጭላሎ ብርድ ዘንድሮም አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጨርቄን እሸጣለሁ፣ ከደንበኛ ጋር በዋጋ እጨቃጨቃለሁ፤ «ይህን ምላስሽን ጨረታ ላይ አውጪው» እያልክ የምትስቅበት ምላሴም እንደ ነበረ ነው።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ታፔላ የምትጽፍበትን የቆርቆሮ ዳስ ማፍረስ አልሆነልኝም፤ የቀለም ሽታው ራሱ ገና አልወጣም። ከተማው ውስጥ ግን ታፔላ በእጁ የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል። ሁሉም ባነር ያሳትማል፣ ባነሩም አንድ ክረምት ሳይሞላው ነጥቶ ይቀዳደዳል። አንተ ለሥጋ ቤቱ የሳልከው በሬ ዛሬም ቀይ ነው። በዚያ በኩል ከሰው ጋር ሳልፍ የማን ሥራ እንደሆነ ሳልናገር አልፌ አላውቅም። ጉረኛ በለኝ። የሚያስጎርር ባል ካለኝ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ልጅህ ጉድ ሠርታለች።

አንተ ስትሄድ ሐያት ሐኪም ሆና ሥራ መጀመሯ ነበር። ለደም ግፊትህ መድኃኒት ታዞልህ፣ ራስ ምታቱ ሲለቅህ «ድኛለሁ» ብለህ ትተኸው፣ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎንህ አልታዘዝ እንዳለህ ታውቃለህ። እሷም ከልቧ አልወጣላትም። ሰው ሳያመው እንዴት አድርጌ መታመሙን ላሳምነው እያለች ስትብሰለሰል ቆይታ፣ ምርምሯን በደም ስር ጤና ላይ አደረገችው። ከበቆጂ፣ ከሲሬ፣ ከጮሌ የሚመጡ ሰዎችን አንገት በአልትራሳውንድ ታያለች። ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ስር በአንገት በኩል ያልፋል፤ ውስጡ ስብ ሲጋገርበት ይጠባል። ባለቤቱ ግን ምንም አይሰማውም፣ ገብሱን ያጭዳል፣ ገበያውን ይወጣል። ምስሉን ብታሳየው ደግሞ ግራጫ ነው። እኔ ራሴ አይቼው ዝናብ የመታው መስኮት ነው የመሰለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ያንተ ታፔላ ፊት ቆመች። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ መቀስህን አይቶ ፀጉር ቤት፣ በሬህን አይቶ ሥጋ ቤት ይገባ እንደነበር ትዝ አላት። ኮምፒውተር ከምታስተምር ጓደኛዋ ጋር ሆነው በከተማው የቀሩትን ታፔላዎችህን ፎቶ አነሱ። ለካ ኮምፒውተር የሰውን የብሩሽ አካሄድ አይቶ ይማራል! ያንን ግራጫ ምስል ሲሰጡት አንተ የሳልከው አስመስሎ አወጣው። የመጀመሪያውን ሥዕል ቤት አምጥታ ያሳየችኝ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀዩ ያንተ ቀይ ነው። ጥላውን በአንድ ጎን ብቻ የምታሳርፈው ነገር እንኳ አልቀረም።

ደስታችን ግን አልቆየም። አንድ የበቆጂ ገበሬ የራሱን ደም ስር በሥዕል ሲያይ «ባዬ በሬዳ!» ብሎ አጨበጨበ፤ እንዴት ያምራል ማለቱ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ከሠርጌ ፎቶ ጎን ልስቀለው ስጡኝ አለ። ሐያት ጠቦብሃል ብላ አስረዳችው፣ እሱም በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። በቀጠሮው ሲመለስ ክኒኑን ትቶታል። እንዲህ ያማረ ደም ስር ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል አላት። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሌሎችም እንደዚያው ሆኑ። የሚያማክሯት ሐኪሞች ሥዕሉ ከመጥቀም ይልቅ እየጎዳ ነው፣ ይቅር አሏት። ያን ቀን ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተቀመጠች።

አየህ፣ አንተ የታመመ ነገር ስለህ አታውቅም። የምትስለው በሬ ሁሉ የሰባ፣ የምትስላት ሙሽራ ሁሉ ቆንጆ ነበረች። ኮምፒውተሩም ካንተ የተማረው ያንኑ ብቻ ነው።

ሐያትም ይህ ገባት። በማግስቱ ቁርስ ላይ ቀና ብላ፣ እማዬ፣ አባቢ ከታመመ በኋላ የሠራው ነገር የለም ወይ አለችኝ። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ያ የጎሚስታው ታፔላ ነው። ካልጻፍኩ እሞታለሁ ብለህ ብሩሽ ያስጨበጥኩህ ቀን የሠራኸው። ጎማው ክብነቱ ጠፍቶ ድንች መሰለ፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ለረጅም ጊዜ አየኸውና ወደ ግድግዳው አዞርከው። አቃጥዪው፣ ሰው እንዳያየው አልከኝ። እኔ ያንተን እጅ የማቃጥል ሴት ነኝ? ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምኩት። ላሳይ ብዬ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ለሐያት አሻፈረኝ አልኳት። አንዲት ፊደል ፀጉር ታህል ብትዛነፍ ታፔላውን በሙሉ ቀብተህ እንደገና የምትጀምር ሰው ነበርክ። ከተማው አንተን የሚያውቅህ በዚያ እጅህ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ስም ጠባቂ ነኝ። ቀናት አለፉ፣ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ያ የበቆጂ ሰው ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ሚስት አለችው። አንድ ጠዋት ጫማውን ማሰር ሲያቅተው ጎንበስ የምትልለት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማጉረስ፣ መደገፍ፣ ያ ሁሉ የሚያወራ ሰው ሲኮላተፍ አለመስማት መምሰል። በአላህ፣ አንተስ ብትኖር ላንድ ሰው ይድረስ አትልም ነበር? እንደምትል ወሰንኩና ቁም ሳጥኑን ገፋሁት። ይቅርታ አልጠይቅህም። ብትቆጣም ተቆጣ።

ሐያት ታፔላውን ስታይ መጀመሪያ ያለቀሰችው እንደ ልጅ ነው። ቀጥላ እንባዋን ጠርጋ እንደ ሐኪም አየችው። የት የት ላይ ብሩሹ እንደተንሸራተተ፣ የት ቀለሙ እንደተጠራቀመ በጣቷ እየተከተለች ለጓደኛዋ ታሳያት ነበር። እጅህን ለማለማመድ በዳሱ ግድግዳ ላይ የጎተትካቸውን መስመሮች ሳይቀር ፎቶ አነሷቸው። ዛሬ ጤነኛውን ስር ኮምፒውተሩ በፊተኛው እጅህ ይስለዋል። ስቡ የተጋገረበት ቦታ ሲደርስ በኋለኛው እጅህ ይቀጥላል።

የበቆጂው ሰው ተጠርቶ መጣ። አዲሱን ሥዕል ሲያይ አላጨበጨበም። ከላይ ወደ ታች ሲከተለው ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አቆመና፣ እዚህ ጋ ሰዓሊው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ልጅህ፣ እዚህ ጋ ታመመ አለችው። ሰውየው እጁን ወደ ራሱ አንገት ሰደደ። ክኒኑን ማን እንደሚሰጠው የጠየቀው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው።

ሐያት ምርምሯን ባቀረበችበት ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንቱ ምሁር ባለበት አዳራሽ፣ ጎን ለጎን ሁለቱን ሥዕሎች አሳይታ፣ ሁለቱም የአባቴ እጆች ናቸው አለች። ይቅር ሲሏት የነበሩት ሐኪሞች ተነስተው አጨበጨቡ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሰዎች፣ ሳይጠይቁኝ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ አልኳቸው። ኩራት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ለካ! ስትሠራ በኖርክበት እጅህ ኮርቼ አውቃለሁ። በደከመው እጅህ የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል ግን በዕድሜዬ ኮርቼ አላውቅም። አንተ ያፈርክበት ሥራህ ነው ሰው የሚያድነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ሳምንት ሐያት እኔንም አስተኝታ አንገቴ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችኝ። ሥዕሉ ሲወጣ በቀኜ በኩል ያለው ስር አንድም እንከን የለውም፣ ስንጋባ በነበረህ እጅ የተሳለ ነው። በግራዬ በኩል ግን አንድ ቦታ ላይ ብሩሽህ ይንቀጠቀጣል። ልጅህ እንዳልደነግጥ ፊቴን ፊቴን ታየኝ ነበር። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ያንተን እጅ አይቼ እንዴት እደነግጣለሁ?

አልረሳህም። ይህን ሁሉም ለሟቹ ይላል፤ ይሁንና ላለመርሳት መኖር ያስፈልጋል። አላህ ጀነቱን ይስጥህ፣ እኔንም ቶሎ አትጠብቀኝ። አንተን የሚያስታውስ ሰው ዕድሜው እንዲረዝም ልጅህ እየለፋች ነው፤ እኔም ክኒኔን እየዋጥኩ ነው።

የሐያት እናት