ሌንሱ ነው፣ ቦዲው ነው

ጥቅምት 6

ዛሬ እረፍቴ። ልብስ አጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ ከዚያ ካሜራዬን ይዤ በረንዳ ላይ ተሰየምኩ። ደረተ ቢጫዋ ወፍ መጥታ ፊት ለፊት ያለው የመብራት ሽቦ ላይ አረፈች። ስንት ጊዜ እንዳነሳኋት እንጃ። ኮምፒውተር ላይ ሳያት አንዷም አልጠራችም። በአንድ በኩል ሁለት ዓይን ያላት ወፍ... የትም አገር የለችም።

ሌንሱ ነው። ይሄ እንግዲህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን አሮጌ ነው ብዬ መለስኩት። ሁለተኛውን ትኩረቱ ይስታል ብዬ መለስኩት። ይሄኛው ግን ከነካርቶኑ አዲስ፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚያሞግሰው። ምን ብዬ ልመልሰው ነው? ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ በጓሮ በር ሳይወጣ አይቀርም።

ባለቤቴ ከሚያርመው የፈተና ወረቀት ቀና ብሎ "ወፏ ናት የምትንቀሳቀሰው" አለ። ወፏ ቆማለች አልኩት። "እንግዲያው ሽቦው ነው።" መምህር ነውና መልስ አያጣም።

ጥቅምት 9

ከሥራ እንደወጣሁ ካሜራ ሱቅ። ባለሱቁ ልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበለኝ። ደግነቱ አልሸሸም። ይሄም ሌንስ ችግር አለበት አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አልተከራከረኝም። የእኔኑ ካሜራ ከነሌንሱ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰረና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ አነሳ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፈታው፣ በእጁ ያዘና ደገመ። አሁንም ቁልጭ። "እስቲ እርስዎ ይሞክሩት እናቴ።" እናቴ... እሺ ይሁን። አነሳሁ። ፊደሎቹ ሁሉ ጥላ አወጡ።

"ትኩረቱ አልሳተም" አለኝ ፎቶውን እያጎላ። "ትኩረት ሲስት ዝም ብሎ ይደበዝዛል። ይሄ ግን ሁለት ሁለት ሆኗል። ካሜራው ሲነቃነቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። ምናልባት ዛሬ ደክሞዎት ከሆነ..."

"እጄ ነው ለማለት ነው?"

ማቆሚያውን ማጠፍ ጀመረ።

ደሜ ፈላ። ልጄ፣ እኔ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ አልኩት። የአራስ ደም ሥር አይተህ ታውቃለህ? ከክር የቀጠነ ነው። ሌላው ሞክሮ ሲያቅተው እኔ ነኝ የምጠራው፤ በአንድ ጊዜ አግኝቼ እወጣለሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ እጀ ወርቅ ነው የሚሉኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ፊት ለፈለፍኩ። አንድ ባትሪ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል።

"እኔ ምንም አላልኩም እናቴ" አለ ልጁ። ከመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ሌላ ካሜራ አወጣ። የእርስዎ ቦዲ፣ ካሜራው ራሱ ማለት ነው፣ አሮጌ ነው፣ ስታቢላይዘር የለውም አለኝ። ይሄኛው ውስጡ አለው፤ እጅ ትንሽ ቢወዛወዝ እንኳ ራሱ ያስተካክለዋል። ረጅም ሌንስ ደግሞ ትንሿን ንቅናቄ ሁሉ አጉልቶ ነው የሚያሳየው።

አየሽ? ቦዲው ነው። ከመጀመሪያው እንዲህ ቢለኝ ምን ነበረበት።

ጥቅምት 10

ከባዱን ካሜራ ልግዛ ወይስ ቀላሉን? ስልኬ ላይ ሳነጻጽር ሻዩ ቀዘቀዘ። ሁለቱም ስታቢላይዘር አላቸው። ከባዱ እጅ ላይ ይረጋል ይላሉ። ቀላሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔ ቀላሉን ነው የምፈልገው። ስለ መርጋት ማን ጠየቃቸው?

ጥቅምት 13

ገዛሁ። አሮጌውን ሰጥቼ ጨመርኩበት። ቀላሉን ነው የወሰድኩት።

ወፏም እንደታዘዘች መጣች። አቤት ሲያምር። የደረቷ ላባ አንድ በአንድ ይታያል፣ ዓይኗ ውስጥ የእኛ ቤት ጣሪያ ይታያል። ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። የት አለ የሚነቃነቅ እጅ? አልኩት ባለቤቴን፣ ካሜራውን አፍንጫው ሥር ደቅኜ።

"ጎሽ፣ ታምራለች" አለ። ሻይ ቀዳልኝ። ግማሽ ኩባያ። ሰሞኑን ሁልጊዜ ግማሽ ነው። ምነው፣ ውሃው ነው የተወደደው ወይስ ስኳሩ? አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ግን አላማረኝም።

ጥቅምት 17

ሁለት ጊዜ ሳትኩ።

ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሳንባ ምች የያዛት። መድኃኒት የሚሄድበትን ካኑላ እጇ ላይ ላስገባላት። ደም ሥሩ የተደበቀ እንኳ አልነበረም፣ ይታያል። ወጋሁ። መርፌው ጎኑን ይዞ አለፈ። በሌላው እጇ ደገምኩ። እሱም አለፈ። ልጅቷ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። እናቷ አየችኝ። አየችኝ ብቻ። ምነው በሰደበችኝ።

ትንሿ ነርስ አጠገቤ ነበረች። ከመርፌ አያያዝ ጀምሮ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። "ልሞክርልሽ እቴቴ?" አለችኝ ቀስ ብላ። በአንድ ጊዜ አስገባችው።

"የልጅቷ ደም ሥር አስቸጋሪ ነው" አልኩ አፌን ሞልቼ።

"አዎ እቴቴ" አለች። ዓይኗን ግን ከእኔ አሸሸች። ይሄኔ ነው ወሽመጤ ቁርጥ ያለው።

አውቶቡስ ውስጥ እጄን ቦርሳዬ ሥር ደብቄ መጣሁ። ሌንሱ ነው አልኩ። ቦዲው ነው አልኩ። ዛሬ ደግሞ ደም ሥሩ ነው። ነገ ማንን ልከስ ነው?

ጥቅምት 18

የካሜራውን ማውጫ ከፍቼ ስታቢላይዘሩን አጠፋሁት። ሶፋው ጀርባ ቆሜ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነሳሁ። ቁጥሮቹ ሁሉ ጥላ አወጡ። አበራሁት። ጠሩ። አጠፋሁት... ጥላ። ትንፋሼን ይዤ ሞከርኩ። ክርኔን ጎኔ ላይ አስደግፌ ሞከርኩ። ትንሽ ተቀምጬ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። ላብ አጠመቀኝ።

ወፏን ያጠራልኝ ስታቢላይዘሩ ነበር። ያ ምስኪን አሮጌ ቦዲ እውነቱን ሲነግረኝ ከርሞ እሱን ሰጥቼ የሚደብቅልኝን ገዛሁ።

ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል።

"ታውቅ ነበር?"

"ክረምት ከመግባቱ በፊት ጀምሮ።"

"ሻዩ..."

"እንዳይፈስብሽ ብዬ ነው።"

ጮህኩበት። ለምን አልነገርከኝም፣ ልጆች እወጋለሁ እኮ በዚህ እጅ አልኩት። ወፏ ናት፣ ሽቦው ነው እያልክ ትቀልዳለህ አልኩት። "በእጅሽ እንዴት እንደምትኮሪ አውቃለሁ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ" አለ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እሱ ራሱ ማልቀስ ጀመረ። አሁን ማን ማንን ያባብል? ተናድጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 19

የሚያንቀጠቅጠኝ ታይሮይድ ይሆናል። ድካም ይሆናል። ነርቭም ሊሆን ይችላል... ለሰው ስናገር እንዴት ቀላል ነበር። "ይመርመሩ እንጂ፣ ምን ችግር አለው።"

ዋና ነርሷን ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 21

አልነገርኳትም።

ዘዴ አገኘሁ። የእጄን አንጓ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥብቅ አድርጌ ማስደገፍ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ቶሎ መውጋት። ዛሬ አንዱ ልጅ ላይ ሠራልኝ። በአንድ ጊዜ ገባ። እናቱ መረቀችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አለኝ። ሌላው ላይ ግን ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

እኔ ማን ነኝ ይሄ እጅ ከሌለኝ? መዝገብ የምታመላልስ አሮጊት? ትንሿ ነርስ በሄድኩበት ሁሉ ትከተለኛለች። ልትረዳኝ ነው ወይስ ልትጠብቀኝ? ዛሬ "ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ" ብዬ አመናጨቅኳት። አንጀቷ አሯል መሰለኝ፣ ምሳ አብራኝ አልበላችም።

ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁትም።

ጥቅምት 24

እጄ እስኪረጋ ብጠብቅ ይሄን አልጽፈውም። ፊደሌን ማን ያየዋል።

የአራት ወር ሕፃን ገባ። ሲያስመልሰው ከርሞ ሰውነቱ ውስጥ ፈሳሽ የለም፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ደም ሥሩ ሁሉ ጠፍቷል። ሁለት ነርሶች ሞክረዋል። ዶክተሩ ሞክሯል። "እጀ ወርቅን ጥሩልኝ" ሲል ከኮሪደሩ ሰማሁት።

ገባሁ። ሁሉም መንገድ ለቀቀልኝ። እናቲቱ እጄን ሳመች፤ ይሄንኑ እጄን። ትንሿ ነርስ መርፌውን አቀበለችኝ። የሕፃኑን ክንድ ያዝኩ፣ አንጓዬን አልጋው ላይ አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ጋብ አላለም። የመርፌው ጫፍ ከቆዳው በላይ ይርገበገባል። ጠበቅሁ። ብሶበት ቁጭ። አሁን ብወጋ ምናልባት ይገባል፣ ምናልባት። ባይገባስ? ይሄ ልጅ የሚባክን ደም ሥር የለውም።

"አልወጋም" አልኩ። "እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ዶክተሩ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እናቲቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። መርፌውን ለትንሿ ነርስ መለስኩላት። "ነይ ወዲህ። እኔ ደም ሥሩን እፈልጋለሁ፣ አንቺ ትወጊያለሽ።" ጣቴን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳረፍኩ። የእጄ መንቀጥቀጥ ጣቴን አላሳወረውም፤ ቆዳው ሥር ሄድ ሄድ አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እዚያች የምትላወሰዋ ደም ሥር ጋ ስደርስ ቆምኩ። "ከጥፍሬ ሥር፣ ጋደም አድርገሽ።" ወጋች። ደም አልመጣም። "አትውጪ፣ ትንሽ ወደ እኔ።" ደም መጣ። እናቲቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ዋና ነርሷ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እንጃ" አልኩ። ከዚያ "ክረምት ከመግባቱ በፊት" አልኩ። "እኔ ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው።"

"እያወቅሽ ወግተሻል?"

"ወግቻለሁ።"

"የልጄ ልጅ ብትሆንስ አልጋው ላይ የተኛችው?"

መሬት አልተከፈተችም እንጂ ብትከፈት እገባ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አትነኪም አለችኝ። ትክክል ናት። ልወጣ ስል "ደም ሥር ሲጠፋ ግን ትጠሪያለሽ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ትንሿ ነርስን ይቅርታ ጠየቅኳት። "እቴቴ ሙች፣ አልተቀየምኩም" አለች። ተቀይማለች፣ አውቃታለሁ። ይወጣላታል።

ኅዳር 3

ታይሮይድ አይደለም። ነርቭ ነው። የሚገድል አይደለም፣ የሚተውም አይደለም። ክኒን አለው፤ ይቀንስልሽ ይሆናል፣ ላይቀንስልሽም ይችላል አለኝ ሐኪሙ። እኔም ለሰው እንዲህ ስል እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። ምን ያህል የማይጠቅም ንግግር ነው።

ሲመሽ ካሜራ ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጁ ገና ሲያየኝ "ሌንሱ..." ብሎ ጀመረ። ሌንሱ ደህና ነው አልኩት፣ ቦዲውም ደህና ነው፣ እጄ ነው። ሕመም ነው፣ አይድንም አልኩት። ባለፈው ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ አልኩት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ፤ ለካ ለዓይኑም ይሠራል።

ከባዱን ቦዲ ያን ጊዜውኑ ነበር መውሰድ የነበረብዎ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ለወጠልኝ። ረጅሙንም ሌንስ በአጭር እንለውጥ አለኝ፤ ባጭሩ መንቀጥቀጡ ብዙም አይታወቅም፣ ግን ሰው አጠገብ መጠጋት ያስፈልጋል። ወፏስ? አልኩት። "ወፏን ከማቆሚያ ጋር እናቴ።" ረጅሙን አልለወጥኩም። አጭሩን ጨመርኩ፣ ማቆሚያውንም። ባለቤቴ ማቆሚያውን ተሸክሞ ሲገባ "አራተኛ እግር ቢኖረው ኖሮ ጠረጴዛ ይሆነን ነበር" አለ። ስቄ ሞትኩ።

ኅዳር 6

ከመርፌ ከተነሳሁ ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራሁ። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ። ተወግቶ ተወግቶ ክንዱ ጠቋቁሯል። ትንሿ ነርስ መርፌውን ታዘጋጃለች፣ እኔ ክንዱን ይዤ በጣቴ እፈልጋለሁ። ልጆች ሁሉ መርፌውን ነው የሚያዩት። ይሄ ግን የእኔን እጅ ነው የሚያየው።

"ሲስተር።"

"አቤት።"

"አንቺም መርፌ ትፈሪያለሽ?"

እናቱ "ዝም በል አንተ" አለችው። ተይው አልኳት። ለምን እንዲህ አልክ? አልኩት።

"እጅሽ ይንቀጠቀጣላ።"

ሕመም ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አልኩት። እውነቴን ነው። ስንት ቀን ሙሉ ስፈራ ከርሜ ለአንድ ሰው እንኳ ፈራሁ ብዬ አላውቅም።

ትንሽ አሰበ። ነፃ የሆነውን እጁን አነሳና እጄ ላይ ጫን አድርጎ አስቀመጠው።

"አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ" አለኝ።

ትንሿ ነርስ ወጋች። በአንድ ጊዜ ገባ። እሱ እንኳ አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።