ሉሁን አጥቤ ከፈትኩት

ይድረስ ለልጄ ለኡዘይር፣ ጅዳ። የአላህ ሰላም ካለህበት ያግኝህ፤ እኛ ጎንደር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። እናትህ የኢንተርኔት ቤቱን ኮምፒውተር ሰበረች መባሉ ሐሰት ነው። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው።

ምክንያትም ነበረኝ። ኢሜይሌን ልከፍት ስል ክንዱ የሚባል የማላውቀው ሰው ኢሜይል ይከፈታል። በማግስቱም ያው ክንዱ! የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሒክማ ሳቀች።

«እማማ ዙሌይካ፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሳይዘጋ ሄዶ ነው። ሂስትሪውን እናጥፋው።»

ማሽኑ ያጠራቀመውን ማጥፋት ማለቷ ነው። ወዲያው ገባኝ! ልጅ ሆነን ቁርኣን ስንቀራ፣ የትናንቱን ከሉሁ፣ ከእንጨት ሰሌዳችን ላይ በውሃ ሳናጥብ ሼኹ አዲስ አይጽፉልንም ነበር። በገዛ እጄ አጠፋሁት። ቀጥሎ ሲዘጉት ምንም የማያስቀረውን የግል መስኮት ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ ልጄ፣ የራሴው ተከፈተ! ሒክማ አጨበጨበችልኝ።

የረመዳን ደብዳቤህ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ፣ ዐረፋም እስኪያልፍ የጻፍከውን ግን ማሽኑ አላሳየኝም። ሒክማ «ኔትወርኩ ይሆናል» አለች። እኔ ደግሞ አስተጣጠቤ ላይ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ መካ ለዑምራ በሚመጣው በአኒስ እጅ ልኬዋለሁ። ፊትህን ሳያይ እንዳይመለስ አዝዤዋለሁና በር ክፈትለት። አላህ ከክፉ ይጋርድህ።

ነገ ፈጅር ሰግጄ መጀመሪያ ሒክማ በር ላይ እቆማለሁ። ሂስትሪውን ሁለት ጊዜ አጠፋለሁ። የግል መስኮቱን እከፍታለሁ። ከዚያ መነጽሬን ጠርጌ ደብዳቤህን አነባለሁ።

እናትህ ዙሌይካ