ያን ቀን ስለደወልኩልህ

ደሬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሞላው። ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ዋሽቼህ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ዌስት አዳምስ ሰፈር እዚያው ቤታችን አለን። ነገ እጠግነዋለሁ ስትል የኖርከውን የወጥ ቤት ቧንቧ ወንድምህ ሠራው፤ የሰው ስትጠግን የራስህ ሲያፈስ ኖረ። ልጃችን ፌቨን ኮሌጅ ገባች። የት ብትለኝ፣ አንተ በርና መብራት ስትጠግን በኖርክበት፣ በሞትክበት ግቢ። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። የምትፈልገው ትምህርት እዚያ ነው፤ ግትርነቱን ደግሞ ካንተ ወርሳለች።

ያን ቀን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ሰው እየተኮሰ ነው ሲባል ስሰማ ደወልኩልህ። አላነሳህም፤ ደግሜ ደወልኩ። እህትህ ከቶራንስ፣ ወንድምህ ከሎንግ ቢች፣ የጸሎት ቡድናችን ሰው ሁሉ ደወለልህ። መቼም የእኛ ሰው ክፉ ሲሰማ እስኪነሳለት ካልደወለ የወደደ አይመስለውም። አንተ ደግሞ እናትህ ከአገር ቤት ድንገት ትደውላለች እያልክ የስልክህን ድምፅ አጥፍተህ አታውቅም።

አብራህ ዕቃ ክፍል ውስጥ የተደበቀችው ተማሪ ኋላ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ሰውየው በራችሁን አልፎ ሄዶ ነበር። ስልክህ ጮኸ። ስታጠፋው ሌላ ጥሪ ገባ፤ የሰውየው ኮቴ ተመለሰ።

መርማሪው የመሣሪያው ካዝና ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ነበር አለኝ። በራችሁ ላይ አሥራ ሰባት ቀዳዳ ተቆጥሯል። ልጅቷ ሮጣ ያመለጠችው ጥይቱ አልቆበት ካዝና ሲቀይር ነው። ካዝናው አሥር ብቻ የሚይዝ ሆኖ አሥር ላይ ቢያልቅበት ኖሮ ሁለታችሁም ትሮጡ ነበር እላለሁ። አምቡላንሱም ውጭ ቆሞ ነበር፤ ፖሊስ ሕንፃውን ፈትሾ ሳይጨርስ ሐኪሞቹ ግቡ አልተባሉም። እስከዚያ ደምህ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ጥፋቱ የገዳዩ ነው ይለኛል፤ እውነት ነው። የደወልኩት ግን እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ለወላጆች የሚላከው መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ግቢው ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ታይቷል፣ ሁሉም ባለበት በር ይዝጋ ይላል። ፌቨን ስትመዘገብ፣ «እማ፣ አለርት ከመጣ ኮል እንዳታደርጊኝ፤ እኔ ቴክስት አደርግልሻለሁ፣ ኦኬ?» ብላ አስምላኝ ነበር። ጣቴ ስሟ ላይ ደረሰ፤ ግን አልነካሁትም። ከዚያ ለወንድምህ ደወልኩ፣ ለእህትህ፣ ለጸሎት ቡድኑ ሰው በሙሉ፤ ማንም እንዳይደውልላት እየጮህኩ ለመንኩ። የቡድኑ መሪ እትዬ አስቴር፣ ልጅሽ እዚያ ሆና እንዴት ዝም በሉ ትያለሽ ብለው ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ወጥተናል» ብላ ጻፈችልኝ። ሰውየው ግን አልተገኘም። ነገ ግቢው ይከፈታል፣ እሷም ትሄዳለች።

አልረሳህም ደሬ። የምንወድህ ሰዎች ያደረግንብህንም አልረሳም። ነገ ጠዋት ራሴ አደርሳታለሁ፤ ከመኪናው ሳትወርድ ስልኳን ተቀብዬ ድምፁን በእጄ አጠፋዋለሁ።

ሚስትህ ሰናይት