ድነሃል ስለተባልኩ የተዘጋው የባለቤቴ ፋይል

ይድረስ ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ክትትል ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አዲሱ ኮምፒውተርዎም ጭምር ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እጅግ ደህና ነኝ፤ ይህንንም በማኅተም ያረጋገጡልኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እኔ በያጅ ነኝ። ዩኒፎርም ሰፊዋ ባለቤቴ ኤች አይ ቪ በደሟ ከተገኘ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ያኔ በመዝገብዎ እሷ ታካሚ፣ እኔ ደግሞ መድኃኒቷን በሰዓቱ መዋጧን የምከታተል ደጋፊ ሆነን ተመዘገብን። መጀመሪያ ላይ ስለሰለቻት ክኒኗን ጉንጯ ሥር ትደብቅ ነበርና፣ ጠዋት ጠዋት አፍሽን ክፈቺ እያልኩ እንደ ጥርስ ሐኪም ስመረምራት ኖሬያለሁ፤ እየሰደበችኝም እየሳቀችም አንድም ቀን ክኒኗ አላለፋትም። ባለፈው ወር ግን ትልቁ ደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ፣ ጸሐፊዎ እኔን ታካሚ፣ እሷን ደጋፊ አድርገው አስገቡን። ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

1. የምክር ባለሙያዎ አስቀምጠው መድኃኒት ማቋረጥ የሚያመጣውን መዘዝ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ፤ ታካሚዋ እሷ ናት ብላቸው፣ ብዙ ወንዶች እንደዚህ ይክዳሉ ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። ባለቤቴንም አስጠርተው፣ ይህን ግትር ሰውዬ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው ብለው አመሰገኗት።

2. ደም ስጥ ተባልኩ፣ ሰጠሁ፤ የትዳር ጓደኛ በየዓመቱ ስለሚመረመር ክፉ አላሰብኩም። ቫይረሱ አልተገኘብኝም። ወይ ጉድ! መቼ ነበረብኝና! እርስዎ ግን ድኗል፣ መድኃኒት አያስፈልገውም ብለው በእኔ ስም የዞረውን የእሷን ፋይል ዘጉት፤ የመድኃኒት መስኮቱም ባለቤቴን ባዶ እጇን መለሳት። እሷም እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ ከዳንክልኝ ይበቃኛል ብላ ቀለደች፤ ከዚያ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች።

3. ስህተቱ ይታረም ስል፣ ታካሚው በአካል ቀርቦ ያመልክት ተባለ። ቀረብኩ። ድኖ ከወጣ ሰው ማመልከቻ አንቀበልም ተባልኩ። ሌላ ጤና ጣቢያ ብንሄድ የዝውውር ወረቀት ከእርስዎ አምጡ አሉን፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ለደጋፊ ዝውውር አይሰጥም።

4. ሦስት ክኒን ቀርቷታል። ትናንት ለማብቃቃት አንዱን በቢላ ለሁለት ልትከፍል ስትል ደረስኩባት፤ ቢላውን ቀማኋት፣ ጮህኩባት፣ ከዚያ አብረን አለቀስን። ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጪ ዋጪ ያልኳትን ሴት አሁን ምን ዋጪ ልበላት?

እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንዲት መስመር እንዲያርሙልን ብቻ ነው።

በታላቅ አክብሮትና በሰጡኝ ሙሉ ጤንነት፣
የቀድሞው ደጋፊ፣ የዛሬው የዳነ ታካሚ

ሳልረሳ፦ ነገሩ ቢዘገይ ሪፖርትዎ ይበላሻል ብለው አይስጉ። ባለቤቴ በመዝገብዎ ደጋፊ ስለሆነች፣ ብትሞት ከታካሚዎችዎ ቁጥር አንድም አይጎድልም።