ከድንኳኑ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ

ውዴ ማቴዎስ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞልቷል፤ ማታ ማታ የምትቀመጥባት ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብታለች። ፒያሳ ያለውን የሰዓት መጠገኛህን ልጃችን ምሕረት ይዛዋለች። ደንበኞችህ እንደ አባትሽ እያፏጨሽ አትሠሪም እያሉ ያሾፉባታል።

እኔ ግን ተናድጃለሁ። ለሌላው ነግሬ ሰለቸኝ፣ አንተው ስማኝ።

ከእኛ ማዶ በተደገሰ ሠርግ ላይ ለደስታ ብለው ወደ ሰማይ የተኮሱት ጥይት፣ ዝናብ ሳይቀድመን ብለህ ልብስ ከገመድ ላይ ስታወርድ አገኘህ። ተኳሹ ፈቃድ አለው፣ ሆን ብሎም አይደለም ተባለ። ከዚያ የባሰውን አንተ አላየህም። ቀብርህ ላይ ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ዮሐንስ ጠመንጃቸውን ይዘው ከገጠር መጡና ለክብርህ ብለው ወደ ላይ ተኮሱ። ጥይት የገደለውን ሰው በጥይት ሸኘነው! ተዉ ብዬ ስጮህ ሐዘን የበረታብኝ መስሏቸው አንድ ደገሙልኝ።

በቀደም የምክር ቤት ተወካያችን ሕዝቡን ሊያነጋግሩ አዳራሽ ሲመጡ እጄን አወጣሁ። ሠርግና ለቅሶ ላይ መሣሪያ ይዞ መምጣት በሕግ ይከልከል፣ ወደ ላይ ተኩሶ ሰው የገደለም ሳላውቅ ነው ብሎ አያምልጥ አልኳቸው። ባህል ነው፣ በአንዴ አይለወጥም፣ ደግሞም ሕግ አለ፣ ለማንኛውም ይታያል አሉኝ። ካለማ የታል? እነሱ ለሌላው ጉዳይ እጃቸውን ሲያወጡ በቴሌቪዥን አያለሁ። ለዚህ ሲሆን ምን ከበዳቸው?

ምሕረት ልታገባ ነው። ጋሽ ዮሐንስ ከአሁኑ ጠመንጃቸውን እየወለወሉ ነው አሉ፤ የወንድሜን ልጅ በባዶ እጄ አልድርም ብለዋል። እኔም ይዘው ከመጡ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሜ እመልስዎታለሁ ብዬ ላክሁባቸው። ተቀየሙኝ፣ ሽማግሌም ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹም ተቆጥተው የሄዱት እኔን ነው። ያንን የመሰለ ሰው፣ አንተን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉህን ሰው፣ አሁን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ሕጉ ቢወጣ ኖሮ የሚቀየሙት ሕጉን ነበር፤ እኔና እሳቸው አብረን ተቀምጠን አንተን እናለቅስ ነበር።

ተወካያችንንም ለሠርጉ ጠርቻቸዋለሁ። ከመጡ በር ላይ አጠገቤ አቆማቸዋለሁ፣ እሳቸው ያልሠሩትን ሥራ ስሠራ ይዩኝ። ካልመጡም አዳራሹ በተከፈተ ቁጥር ስምህን ይዤ እነሳለሁ። ይሰልቹኝ።

አልረሳህም፣ ማቴዬ። ልጅህ ከቤት ስትወጣ ቀና ብዬ ወደ ሰማይ አያለሁ። ያን ጊዜ አንተን ብቻ ማሰብ ነው የምፈልገው፤ የተተኮሰው የት ይወድቅ ይሆን ብዬ መስጋት አልፈልግም።

ያንተው አልማዝ