ከአስከሬን መኪናው ፊት

ውድ ሃልቫር፣

መኪና አሻጋሪው ጀልባ ላይ ሞተር ብስክሌት ቀድሞ ይገባል፤ ቀድሞም ይወጣል። ዛሬ ደሴቲቱ ስንደርስ የእኔው ባትሪው አልቆ አልነሳ አለና መውጫውን ዘጋሁት። ከኋላዬ አስከሬን የጫነ መኪና ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰው ለቀብሩ ይጠብቃል። እኛ ከተማ ሐማር ቢሆን ክላክሱ ጆሮ ያደነቁር ነበር። እዚህ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ይኼ ባሰብኝ።

የሟቿ ልጅ በጥቁር ሱፉ ዝናብ ውስጥ ወርዶ ይገፋኝ ጀመር።

«ይቅርታ ልጄ፣ እናትህን አስረፈድኩባት።»

«በሕይወት ብትኖር አፏን አይችሉትም ነበር። ይልቅ ማርሽ ያስገቡ፣ አባባ!»

ከጀልባው እንደወጣን አቀበቱ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ካቆምኩ ይጠፋል፣ መንገዱንም መልሼ እዘጋባቸዋለሁ ብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልል ነዳሁ። በመስታወቱ ሳየው፣ ጎማዬ በረጨው ጭቃ ሱፉ ተለውሶ ወደ እናቱ ይመለሳል።

ቦርግሂልድን ሳምልኝ፤ ደህና ነው በላት። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ናፍቃችሁኛል።

ጉንቫልድ